ደብረ ብርሃን ላይ የሞከርኳቸው ሶስት አይነት ሻማዎች እና አንድ ላሜራ

ኮሞዲኖዬ ላይ አንድ ክብ ጥቁር ምልክት አለ፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሚያክል። እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ መጽሐፍ ነገር አስቀምጥበታለሁ። ይሄን ልፅፍ የተነሳሁት በሱ ምክንያት ነው፣ ሻማ ደሞ ምን ሪቪው ያስፈልገዋል እንዳትሉኝ፣ ከመስከረም ጀምሮ ለሻማ ያወጣሁትን ብር ብደምረው አሪፍ ባትሪ ይገዛ ነበር።

ባትሪ ግዢ ማለታችሁ አይቀርም፣ አለኝ እኮ። ቻርጅ የሚደረግ አለኝ፣ ችግሩ ቻርጅ ማድረግ ትዝ የሚለኝ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ስልኬም ማታ ማታ ሁሌ 8 ፐርሰንት ላይ ነው የሚገኘው። በቃ ሻማ ሆነ።

የምኖረው ጠባሴ ነው፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ደብረ ብርሃንን ለማታውቁ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከፍታዋ ከ2800 ሜትር አያንስም፣ ብርዱን በቃል ማስረዳት አይቻልም፣ ከጥቅምት በኋላ ጠዋት ስትወጡ ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከተማዋን ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆራት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል ስሟም ከዛ ነው የመጣው፣ እኛ ደሞ እዛችው የብርሃን ከተማ ላይ በጨለማ ሻማ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን። ይሄን ቀልድ እዚ የሚኖር ሰው ሁሉ ይቀልደዋል፣ እኔም እንዳልቀር ብዬ ነው።

ቤቴ የጭቃ ቤት ነው ግን በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒሱ ያው የማዳበሪያ ጆንያ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ ነው፣ ፍራሼ ስፖንጅ፣ መስኮቱ ላይ ናይለን መጋረጃ፣ ከበሩ ጀርባ ልብስ ማንጠልጠያ። አሁን ስዘረዝረው ነው የታየኝ፣ እኔ እኮ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ተራው ነጭ ሻማ። ሁላችሁም የምታውቁት፣ ሰፈር ሱቅ ያለው። ባለሱቁ ልጅ "እህቴ ስንት ልስጥሽ" ሲለኝ ያን ጊዜ አንዷን በ15 ብር ገዝቻለሁ፣ በፓኬት ከገዛችሁ ትንሽ ይቀንስላችኋል። ፓራፊን ነው፣ ከነዳጅ የሚወጣ ሰም ማለት ነው፣ ሻማው ሲጠፋም ሽታው ትንሽ ላምባ ላምባ ይላል። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ብዙ አያጨስም (ክሩን ከተንከባከባችሁት፣ እመጣበታለሁ)። ለዋጋው ምንም አይወጣለትም።

የደብረ ብርሃን ልዩ ችግር ግን ብርዱ ነው። ፓራፊን ሲቀዘቅዝ ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ አንድ ቀን ፓኬቱን ከቦርሳዬ ሳወጣ ከስድስቱ አራቱ መሀላቸው ተቀንጥሶ ክሩ ብቻ አንጠልጥሏቸው አገኘሁ፣ ልክ የተሰበረ ክንድ። እና እኔ ጎበዝ ነኝ ባይ ስብራቱን በላይተር አቅልጬ አጣበቅኩት። የሚያምር ስራ ነበር። ማታ ለኩሼው አንድ ሰዓት ያህል በሰላም ነደደና እሳቱ መጋጠሚያው ጋ ሲቃረብ የላይኛው ጉርድ እንደበራ ዘፍ አለ፣ ደግነቱ ሳህን ላይ ነበር። ስለዚህ የተሰበረ ሻማ አታጣብቁ፣ ቁረጡትና ሁለት አጫጭር ሻማ አገኘሁ በሉ በቃ።

ሁለተኛው ነገር ንፋስ ነው። በሬ ስር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ከሱ የሚገባው ንፋስ ሻማውን አንድ ጎን ያስተኛዋል፣ እሳቱ ያዘነበለበት በኩል ያለው ጠርዝ ቀድሞ ይቀልጥና ተጠራቅሞ የነበረው ሰም በዛው ጎን ይፈሳል፣ ከዛ ሻማው ለመንደድ የሚፈልገው ሰም ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይቀራል። ሰዓት ይዤ ሞክሬዋለሁ፣ አንድ አይነት ሻማ፣ ከአንድ ፓኬት። በሩ አጠገብ ያስቀመጥኩት ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አለቀ፣ ጥግ ላይ ንፋስ የማያገኘው ቦታ ያለው ሶስት ሰዓት ከሃያ ሄደ። የአንድ ሻማ ዋጋ ግማሽ ማለት ይቻላል በበር ስር ሲወጣ ነበር። አሁን አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ በሩ ስር እወትፋለሁ (ከሰል በሌለበት ቀን ነው እሺ፣ እሱንም እመጣበታለሁ)።

ክሩ ደሞ። ሻማ ቆየት ሲል ክሩ ይረዝምና ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ነገር ያበቅላል፣ እሳቱም ይረዝማል ይወዛወዛል ጥቁር ጭስ ይለቃል። ውበት መስሎኝ ዝም እለው ነበር። እማማ ናቸው፣ አከራዬ ማለት ነው፣ አንድ ጠዋት ገብተው ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩና "ልጄ ቤቴን ማድቤት አስመሰልሽው እኮ" አሉኝ፣ ቀና ብል ከአልጋዬ በላይ ያለው ማዳበሪያ ድስት ቂጥ መስሏል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ክሩን ከማብራታችሁ በፊት፣ ጠፍቶ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወይ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቀር መቁረጥ ነው። በጥፍር መቁረጫ ነው የምቆርጠው። የተቆረጠውን ጥቁር ቅንጣት ደሞ ሻማው ላይ አትተዉት፣ እሱም እንደ ሁለተኛ ክር ይነዳል።

አስር ከስንት ትሉኝ እንደሆነ ነጩ ሻማ 6። 8 እሰጠው ነበር የሚቆምበት ቢኖረው። እስቲ ንገሩኝ፣ ሻማ ስታበሩ ምን ላይ ነው የምታቆሙት? እኛ ቤት ያደግነው ቂጡን አቅልጦ የተገኘው ነገር ላይ መለጠፍ ነው፣ ወንበር መደገፊያ፣ ቴሌቪዥን አናት፣ የተደፋ ስኒ፣ የቢራ ጠርሙስ አፍ። እኔ እዚ ከመጣሁ በኋላ የዱቄት ወተት ጣሳ እጠቀም ነበር፣ ጣሳው ከብርጭቆ ይሻላል ብዬ፣ ክዳኑ ላይ ለጥፌ። ክዳኑ እኮ ፕላስቲክ ነው! ሻማው አልቆ እሳቱ ሲደርስበት ክዳኑ ተኮማትሮ ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ ሽታውን ለሶስት ቀን አልረሳውም። ጠርሙሱም ቢሆን ረጅም ቀጭን ነገር ላይ ሌላ ረጅም ቀጭን ነገር መደረብ ነው፣ ድመት ወይ ክርን ነካ ካደረገው አለቀ።

ሁለተኛው ሻማ ኮሞዲኖዬን ያበላሸው ነው። አዲስ አበባ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ሱቁን አልጠራውም ጥፋቱ ግማሹ የኔ ስለሆነ። በወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ያለ፣ ቫኒላ የሚሸት፣ 850 ብር። አዎ 850። ደሞዝ የገባ ሰሞን ነበር።

ሽታው ሳይበራም ክፍሉን ያውደዋል፣ ለሽታ 9 ብሰጠው ደስ ይለኛል። ግን ይሄ ሻማ ብርድ ሀገር የሚወድ አይነት አይደለም። መጀመሪያ ቀን ሳወጣው ሰሙ በብርዱ ተኮማትሮ ከብርጭቆው ግድግዳ ተላቋል። እኔ ደሞ ውድ ስለሆነ እየቆጠብኩ ለሽታው ብቻ ሃያ ደቂቃ ሃያ ደቂቃ እያበራሁ አጠፋው ነበር፣ ለካ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። እንደዚህ አይነት ሰፊ ሻማ መጀመሪያ ቀን ሲበራ ላዩ በሙሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እስኪቀልጥ መቆየት አለበት፣ ለየ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ የኔው 7 ሳንቲ ስለነበር ሶስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ያንን ካላገኘ ክሩ ዙሪያ ብቻ እየቆፈረ ጉድጓድ ይሰራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሀሉ እንደ አይጥ ጉድጓድ ሆኖ ዳር ዳሩ ያልተነካ ሰም ቀረ፣ ሲበራም ብርሃኑ ከጉድጓዱ አይወጣም። ማንኪያ አምጥቼ የዳሩን ሰም ፋቅኩት። የ850 ብር ሰም በማንኪያ።

በዚህ አካሄድ መጨረሻው ደረሰ። አንድ ሀሙስ ማታ መብራት የለም፣ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሰም ጥፍር የማይሸፍን ነው፣ እስኪያልቅ ልጠቀምበት ብዬ ኮሞዲኖው ላይ አብርቼው ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። አንድ ገፅ ሳላነብ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ "ጧ" የሚል ድምፅ ነው፣ ብርጭቆው ከስሩ ተሰንጥቋል፣ የቀለጠው ሰም ኮሞዲኖው ላይ እየፈሰሰ ክሩ እላዩ ላይ እየተንሳፈፈ ይነዳል፣ እሳቱ ከክሩ አልፎ ሰሙንም መላስ ጀምሯል፣ ከመጋረጃው አንድ ስንዝር አይርቅም።

እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሃይላንዱ ነው። ውሃውን አነሳሁት። ያስቆመኝ ምን መሰላችሁ፣ እናቴ ማድቤት ውስጥ "የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ እንዳትደፊ" እያለች ያሳደገችን ነገር ነው፣ የቀለጠ ሰምም ያው ዘይት ማለት ነው፣ ውሃ ሲያገኘው ውሃው ከስር ገብቶ ባንዴ ይፈላና እሳቱን ከነሰሙ ወደ ላይ ይረጨዋል፣ ላይ ያለው ደሞ የኔ ማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ከአልጋ ስር የድስት ክዳን ጎትቼ ከደንኩበት። ጠፋ። በቃ እንደዛ ነው የጠፋው፣ አየር ሲያጣ። ክዳኑን ቶሎ እንዳላነሳው ብዬ በሁለት እጄ ተጭኜ ጨለማ ውስጥ ቁጭ አልኩ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ጠዋት ብርጭቆውን ገልብጬ ሳየው ከስሩ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ትንንሽ ስዕሎች ያሉበት። አንዱ ህፃንና ድመት ላይ ክልክል ምልክት፣ አንዱ ሁለት ሻማ ተራርቆ፣ አንዱ ሰዓት። ከአራት ሰዓት በላይ አታብሩት፣ የሚቀጣጠል ነገር 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አይኑር፣ ሰሙ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ሲቀረው አቁሙ። ይሄ የመጨረሻው ነው የኔ ሀጢያት። ሰም ካለ እሳቱ ሰሙን ነው የሚያቀልጠው፣ ሰሙ ሲያልቅ ግን ሙቀቱ በቀጥታ ብርጭቆው ላይ ያርፋል፣ በዛ ላይ ክፍሉ በረዶ ነው፣ ብርጭቆ ከታች ግሎ ከላይ ሲበርደው ምን እንደሚሆን ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ትኩስ ሻይ ቀድታችሁ ካወቃችሁ ታውቁታላችሁ። ወረቀቱ ከስር ባይለጠፍ ግን ምን ነበረበት? ሻማ ገልብጦ የሚያነብ ማን ነው።

ሰሙ የግራ እጄ ላይም ፈሶ ነበር። እማማ ድምፅ ሰምተው ፋኖስ ይዘው መጡና ኮልጌት ልቀባሽ አሉኝ፣ እኔም ልቀባ ነበር ደግነቱ ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ የምትሰራ ልጅ ናት በሩ ላይ ደርሳ ከለከለችን፣ ኮልጌትም ቅቤም እንቁላልም ሙቀቱን ከማፈን ውጪ ምንም አይሰሩም፣ ሃያ ደቂቃ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ስር ነው የሚያዘው፣ የተጣበቀውን ሰም ደሞ ቆዳ ይዞ እንዳይነሳ በግድ አትላጪው አለችኝ። እሺ። ግን የደብረ ብርሃን የግቢ ቧንቧ በህዳር ሌሊት ሰባት ሰዓት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ያስለቀሰኝ ቃጠሎው አይደለም።

አንድ ነገር ደሞ ልጨምር። አልጋዬ ላይ ሁለት ልብስ ነበር፣ ከላይ ያ ለስላሳው ፍሊስ የሚሉት ብርድ ልብስ፣ እግሬ ስር ደሞ አክስቴ ከመንዝ የላከችልኝ የበግ ሱፍ ባና። ሰሙ ከነእሳቱ ሁለቱም ላይ ጠብ ብሎ ነበር። ፍሊሱ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ዳሩ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ ፕላስቲክ ነውና። ባናው ላይ የጠጉር መቃጠል ሽታ ያለው ትንሽ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቻ፣ በጣቴ ስፈገፍገው ሄደ። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ቢለኮስም ቶሎ ይከስማል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሰውነት ላይ ይጣበቃል። የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ ለብርድ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚያሰራው። ያ የሚኮሰኩስ ባና ስንት ጊዜ ለሰው ልስጠው ብዬ ነበር።

ባለ ብርጭቆው ሻማ በድምሩ 4። ለሽታው ብቻ ከፈለጋችሁት ጠረጴዛ መሀል፣ ነቅታችሁ፣ ሰሙ ሳያልቅ። መኝታ ቤት ግን በፍፁም።

ሶስተኛው ጧፍ ነው። ከዛ ሌሊት በኋላ እማማ "የነጭ ጋዝ ሻማ ምን ያደርግልሻል፣ የንብ ሰም እያለ" ብለው ራሳቸው ሥላሴ አካባቢ ካለ ንዋየ ቅድሳት መሸጫ አንድ እስር ገዝተው አመጡልኝ። ሽታው! ሳይበራ ማር ማር ይላል፣ ሲበራ ደሞ ያ የቅዳሴ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። የ850 ብሩን ቫኒላ አስር ጊዜ ያስንቃል።

ጧፍ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ የንብ ሰም ውድ ስለሆነ ፓራፊን ወይ ሞራ የሚቀላቅሉበት አሉ። እማማ የሚያዩበት መንገድ አላቸው፣ በጥፍራቸው ጫር ያደርጉታል፣ ንፁህ ሰም ከሆነ ጥፍር ላይ ተጠቅልሎ ይጣበቃል፣ ፓራፊን ከበዛበት ነጭ ነጭ ብሎ ይፈረፈራል። ከዛ በጣታቸው መሀል ያሹታል፣ በእጅ ሙቀት ለስለስ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ቅባት ነገር እጅ ላይ ከተወ ሞራ አለበት ማለት ነው። ሻጩ ፊት ነው ይሄን ሁሉ የሚያደርጉት፣ ሻጩም ለምዷቸዋል መሰለኝ ሳይጠየቅ ሌላ እስር አወጣላቸው አሉ።

ግን ለቤት መብራትነት ጧፍ አይሆንም፣ እውነቱን ልናገር። በእጅ ለመያዝ ወይ አሸዋ ላይ ለመትከል የተሰራ ነገር ነው። ቀጭን ስለሆነ ከራሱ እሳት ሙቀት እየተለመጠ ይሄዳል፣ ስታዩት ቀጥ ብሎ ነበር ዞር ብላችሁ ስትመለሱ አንገቱን ደፍቷል፣ አንገቱን የደፋው ወዴት እንደሆነ ነው ጥያቄው። ባለፈው የትንሣኤ ሌሊት እኔ ፊት የቆመች ልጅ ነጠላዋ ጫፍ ከኋላዋ በቆመ ሰው ጧፍ ሲያዝ አይቻለሁ፣ ሁላችንም እልል እያልን ነበር፣ አንዲት እናት በመዳፋቸው ጨፍልቀው አጠፉትና ምንም እንዳልተፈጠረ እልልታቸውን ቀጠሉ።

እማማ ቤት ያለውን ነገር ደሞ ብታዩት። ሳሎናቸው ጥግ ላይ ስዕለ አድህኖ አለ፣ የእመቤታችን፣ ፊቷ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ፣ ግራና ቀኝ የፕላስቲክ አበባ፣ ከስር የእንጨት መደርደሪያ። ጧፉን ማታ ማታ የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ለጥፈው ነው የሚፀልዩት። መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተርታውን የቆዩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። የኔ ነገር ከደረሰ በኋላ ፈራሁ። "እማማ፣ ይቺን መጋረጃ ፀሎት ሲያደርጉ ገለል ቢያደርጓት" አልኳቸው። "እሷ እያለች ምን ይሆናል ልጄ" አሉኝ። መልስ የለኝም ዝም አልኩ። በሶስተኛው ቀን ይመስለኛል ቤታቸው ስገባ መደርደሪያው ላይ ምንም የለም፣ ወለሉ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተቀምጧል፣ አጠገባችን ካለው ጅምር ህንፃ አሸዋ አስመጥተው ሞልተውታል፣ ጧፉ መሀሉ ላይ ተተክሏል። መጋረጃዋም ታስራለች። ምንም አላሉኝም እኔም ምንም አላልኩም።

አይጥ ጧፍ ይበላል ደሞ። ጣሳ ውስጥ ክደኑት።

ጧፍ ለፀሎት 10፣ ለመብራት 3።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ላሜራው የመጣሁት። በሶስቱም ሻማ የደረሰብኝን ሳስበው አንድም ጊዜ ሻማው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም፣ ሁሌ የቆመበት ነገር ነው። ገበያ ቀን ሄጄ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰውዬ ጋ፣ ኩራዝ ማንቆርቆሪያ ምድጃ የሚሰሩ፣ "ጋሼ የሻማ ማስቀመጫ ይሰራሉ" አልኳቸው። "ኩራዝ ውሰጂ" አሉኝ። ኩራዝ አልፈልግም አልኩ። ስንት ሻማ ነው የምታበሪው አሉኝ፣ አንድ ስላቸው ለአንድ ሻማ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብለው ሳቁብኝ፣ ግን ሰሩት።

እንዲህ ነው። የእንጀራ ወጥ ማቅረቢያ ሳህን የሚያህል ክብ ላሜራ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ የታጠፈ፣ ሰሙ ቢፈስም ሻማው ቢወድቅም እዛው ይቀራል። መሀሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቱቦ፣ ቱቦው በጎኑ ተሰንጥቋል ወፍራምም ቀጭንም ሻማ ጨምቆ እንዲይዝ፣ የስንጥቁን ሀሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከስሩ ሶስት አጫጭር እግር፣ ላሜራው ቢግል ጠረጴዛ አይነካም። ለምን አራት እግር አላረጉትም ስላቸው "አራት እግር ያልተስተካከለ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፣ ጉልቻ ስንት ነው?" አሉኝ። እና በጎኑ እንደ ማንኪያ እጀታ ያለ መያዣ። 180 ብር።

እንከን አለው። ጠርዙ ስለታም ነበር እጄን ቧጨረኝ፣ ቤት ወስጄ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ቱቦውም መጀመሪያ ላልቶ ነበር፣ ሻማው ያዘነብላል፣ መልሼ ስወስድላቸው በፒንሳ ጨበጥ አድርገው ሰጡኝ ምንም ሳይጠይቁ። መልኩ የሚያምር ነገር አይደለም፣ ፎቶ የሚነሳ አይደለም። ቀለም ልቀባው ብላቸው ተዪው አሉኝ፣ ሲግል ይሸታል። 9 ሰጥቸዋለሁ፣ አንዷን ለጠርዙ ቀነስኩ።

አሁን ቦታው ክፍሌ መሀል ያለ ዱካ ላይ ነው። ከዱካው ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ክንድ ምንም ነገር የለም፣ ወረቀቱ 30 ሳንቲ ይላል፣ የኔ ክንድ ከዛ ይበልጣል፣ ሜትር ከመፈለግ ክንዴን ዘርግቼ ነው የማየው። ወደ ላይም አያለሁ፣ ብዙ ሰው ጎን ጎኑን ያይና መደርደሪያ ስር ያበራል፣ ሙቀቱ እኮ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ስተኛ አጠፋለሁ፣ ሽንት ቤት ስወጣም አጠፋለሁ ምክንያቱም ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ነው፣ ተመልሼ ለመለኮስ አንድ ክብሪት ነው የሚፈጀው። ስነፋው ሰም ስለሚረጭ አሁን ማንኪያ ገልብጬ ነው የማፍነው። ክብሪቱ የእማማ የልጅ ልጅ የማይደርስበት ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ሰሞኑን ወንበር መግፋት ተምሯል እንጂ።

ለማንበብ ብላችሁ ሶስት አራት ሻማ አትደርድሩ ደሞ፣ አይረባም። አንድ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 800 አካባቢ ይሰጣል፣ አስር ሻማ ብትደረድሩም የአንድ አምፖል ሩብ አይሞላም፣ እሳቱ ግን አስር ነው።

ሌላው ሻማ ላይ የአበባ ሸክላ ገልብጠው ክፍል ያሞቃል የሚሉት ነገር። ሞከርኩት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ የማይሞክር የለም። ሸክላው ይሞቃል፣ ክፍሉ አይሞቅም። ሻማው ያለው ሙቀት ያው ነው፣ ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም አይበልጥም፣ ሸክላ ስላደረጋችሁበት አይጨምርም፣ ሰሙ ግን ከስር ከመጠን በላይ ግሎ ባንዴ ሊቀጣጠል ይችላል። እዚ ሀገር ብርድን በተመለከተ የምፈራው ግን ሻማውን አይደለም፣ ከሰሉን ነው። በርና መስኮት ዘግቶ፣ እኔ ለሻማው ብዬ እንደምወትፈው በር ስሩን ወትፎ፣ ምድጃ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የሚተኛ ሰው አለ፣ የከሰሉ ጭስ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይሸትም አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ከሰል ያለበት ማታ በር ስር ጋቢ የለም፣ መስኮትም ትንሽ ገርበብ ይላል፣ ስተኛ ደሞ ምድጃው ውጪ ያድራል። ብርዱን በባናው እችለዋለሁ።

ሰም ጋቢ ላይ የፈሰሰባችሁ ካላችሁ ደሞ ትኩሱን አትፈትጉት፣ ሲደርቅ በቢላ ጀርባ ፋቅ አድርጉትና ከላይም ከታችም ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፣ ወረቀቱ ሰሙን ይመጠዋል። መብራት ሲመጣ ማለት ነው እንግዲህ።

ላሜራውን እማማ ካዩት በኋላ ሁለት አሰሪልኝ አሉኝ፣ አንድ ለራሳቸው አንድ ለመሀል ሜዳዋ ልጃቸው። ባለፈው ገበያ ሄጄ ለሰውየው ሁለት ይስሩልኝ ስላቸው "220 ሆኗል" አሉኝ። ለምን ስላቸው ሰዉ ሁሉ እየጠየቀኝ ነው፣ ተፈላጊ ሆኗል አሉ። ሰዉ ሁሉ ያሉት እኔና እማማን ነው። በ200 ተስማማን፣ ጠርዙን ራሳቸው ሊያለሰልሱት።